ያገለገለ የሞተር ዘይት የላብራቶሪ (ላብ) ውጤት እንዴት እንደሚነበብ

ዘይታችሁን ላብራቶሪ ልካችሁ ውጤቱ በኢሜይል ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስደነግጠው የቁጥሩ ብዛት ነው፣ ሃያ ምናምን ንጥረ ነገር ተደርድሮ፣ ጎኑ ላይ አማካይ የሚል ሌላ ረድፍ፣ ከስር ደሞ ውፍረት፣ ነዳጅ፣ ውሃ እያለ ይቀጥላል። ብዙ ሰው ከዛ ሁሉ ውስጥ ትልቁን ቁጥር ይፈልግና "ካልሲየም 2000 ወጣብኝ፣ ሞተሬ አለቀ ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ካልሲየሙን እኮ ዘይቱ ውስጥ የጨመረው ፋብሪካው ነው፣ ከሞተሩ የወጣ አይደለም። እርሳስ ላይ ግን ሁሌ 0 የነበረው 9 ሆኖ ሲመጣ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፣ ልብ ሊባል የሚገባው ግን እሱ ነበር።

ይሄን የምጽፈው በተለይ መኪናቸው እንጀራቸው ለሆነ ሰዎች ነው፤ ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ኡበርና ሊፍት እየሰራችሁ 150 ሺ፣ 200 ሺ ማይል ያለፈ ፕሪየስና ካምሪ የምትነዱ፣ ሞተር ይቀየር ሲባሉ የወራት ገቢ የሚሄድባችሁ። ይሄንን ወረቀት ራሳችሁ ማንበብ ከቻላችሁ ማንም ዝም ብሎ "ሞተሩ ይከፈት" ሊላችሁ አይችልም። የማንበቡ ቁልፍ ደሞ አንድ ነው፣ ቁጥር ብቻውን አይነበብም። ከማን ጋር አብሮ ወጣ? በስንት ማይል ወጣ? ባለፈው ስንት ነበር? እነዚህን ሶስቱን ሳትጠይቁ ምንም አትወስኑ።

ነገሩ አዲስ አይደለም፣ አሜሪካ ውስጥ ዴንቨር ኤንድ ሪዮ ግራንዴ የሚባለው የባቡር ድርጅት በ1946 የናፍጣ ባቡሮቹን ዘይት እየመረመረ የሞተር ችግር ቀድሞ መለየት ጀምሮ ነበር፣ ከዛ ወደ ጦር አውሮፕላኖች ተሻገረ፣ አሁን ማንም ባለ መኪና በፖስታ ልኮ የሚያሰራው ነገር ሆኗል።

1. ናሙናው በትክክል ይወሰድ

ላቡ ጠርሙሱን በፖስታ ይልክላችኋል። ግለሰቦች ብዙ ከሚልኩባቸው አንዱ ፎርት ዌይን ኢንዲያና ያለው ብላክስቶን ላብራቶሪስ ነው፣ ከ1985 ጀምሮ ይሄን ስራ ይሰራል፣ ሌሎችም አሉ። ናሙና የሚወሰደው ዘይት ስትቀይሩ ነው፣ ሞተሩ ከስራ እንደተመለሰ ሞቅ እንዳለ፣ ምክንያቱም ቆሞ ካደረ ከበድ ያለው ነገር ከታች ይዘቅጣል። የማፍሰሻውን ቡሎን ስትፈቱ የመጀመሪያውን ዘይት ልቀቁት ይፍሰስ፣ ታች ተኝቶ የነበረው ቆሻሻ ከሱ ጋር ይወጣል፣ ከዛ መሀል ላይ ጠርሙሱን ደቅኑበት። ዘይቱ ስለሚያቃጥል ጓንት አድርጉ። ከመቀበያው ባልዲ ላይ ቀድታችሁ አትላኩ፣ ባልዲው ውስጥ የስንት መኪና ዘይት እንደገባ አይታወቅም፣ ኩላንትም፣ የራዲያተር ፈሳሽ ማለት ነው፣ ሊኖርበት ይችላል፣ ከዛ የሌለ ችግር ይነገራችኋል። ሱቅ የሚቀይርላችሁ ከሆነም ጠርሙሱን በእጃችሁ ሰጥታችሁ አጠገቡ ቁሙ።

ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣውን ፎርም በትክክል ሙሉ፣ የመኪናው ማይል፣ ዘይቱ የሰራበት ማይል፣ የዘይቱ ስምና ቁጥር፣ እና በመሀል ስንት ኳርት እንደጨመራችሁ። ይሄ የመጨረሻው በጣም ይረሳል። ዘይት የምትበላ መኪና በመሀል ሁለት ኳርት አዲስ ዘይት ከተጨመረላት ብረቱ በአዲሱ ይቀጥንና ወረቀቱ ከእውነቱ የተሻለ ሆኖ ይመጣል፣ እናንተም ደህና ናት ብላችሁ ትዘናጋላችሁ።

ሌላ የምመክረው፣ አንዴ ብቻ ያልተነካ አዲሱን ዘይት ራሱን አስመርምሩት። ገንዘብ ማባከን ሊመስል ይችላል ግን ከዛ በኋላ የሚመጣውን ወረቀት በሙሉ የምታነቡት ከሱ ጋር እያስተያያችሁ ነው፣ ምን ከፋብሪካ እንደመጣ ምን ከሞተሩ እንደወጣ ያኔ ይለያል።

2. ከቁጥሩ በፊት ማይሉን እዩ

ብረቶቹ የሚለኩት በፒፒኤም ነው፣ ከሚሊዮን አንድ እጅ ማለት ነው፣ በአንድ ኪሎ ዘይት ውስጥ አንድ ሚሊግራም። ፕሪየስ ላይ ወደ 4.2 ሊትር ዘይት ይገባል፣ ክብደቱ 3.6 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ስለዚ 20 ፒፒኤም አይረን ማለት ሞተሩ ውስጥ በጠቅላላ 70 ሚሊግራም አካባቢ ብረት ተንሳፏል ማለት ነው፣ የአንድ ግራም አስረኛ እንኳን አይሞላም። የምናወራው ስለዚህ ያህል ትንሽ ነገር መሆኑን እወቁት፣ 12 ከነበረ 15 ሆነ ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ።

ቀጥላችሁ ቁጥሩን ለሺ ማይል አካፍሉት። በ5,000 ማይል 20 አይረን ካለ በሺ ማይል 4 ነው። በ10,000 ማይል 30 ከመጣ በሺ ማይል 3 ነው። ወረቀቱ ላይ 30ው ይበልጣል፣ እውነቱ ግን ሁለተኛው ሞተር ያነሰ እየተበላ ነው። ቶዮታ ለብዙ መኪኖቹ በሲንቴቲክ 0ደብልዩ20 እስከ 10,000 ማይል ስለሚፈቅድ አንዱ በ5 አንዱ በ10 የሚቀይር ሁለት ሹፌሮች ወረቀታቸውን አጠገብ ለአጠገብ አድርገው መከራከራቸው ትርጉም የለውም፣ መጀመሪያ ያካፍሉ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፣ ዘይት ሲፈስ ሁሉም አይወጣም፣ የድሮው ትንሽ ውስጥ ይቀራል፣ ስለዚ በ1,000 ማይል ብቻ የተወሰደ ናሙና ሲካፈል ሁሌም ከፍ ብሎ ይታያል።

3. ከሞተሩ የሚወጡት ብረቶች

አይረን፣ ብረት ማለት ነው፣ ከሁሉም በላይ የሚወጣው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ከብዙ ቦታ ይመጣል፣ ከሲሊንደሩ ግድግዳ፣ ከክራንክሻፍት፣ ከካምሻፍት፣ ከታይሚንግ ቼይን። የኮሮላና የፕሪየስ ሞተር ብሎኩ አሉሚኒየም ቢሆንም ሲሊንደሩ ውስጥ የብረት ሽፋን አለው፣ አይረኑ ከዛም ይመጣል። ዘይቱ በቆየ ቁጥር አይረን እየጨመረ ይሄዳል፣ ይሄ የሚጠበቅ ነው። ቆሞ የሚከርም መኪና ላይም በእርጥበት ዝገት ከፍ ይላል።

አሉሚኒየም ባብዛኛው ከፒስተን ነው፣ ክሮም ከፒስተን ሪንግ፣ አገር ቤት ፋሻ ከምንለው። ክሮም ብዙ ጊዜ 0 ወይም 1 ነው የሚመጣው፣ ስለዚ 4፣ 5 ሲሆን ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት።

መዳብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው በከንቱ የሚጨነቅበት እሱ ስለሆነ። መዳብ ከብሮንዚን ይወጣል፣ ብሮንዚን ማለት ክራንክሻፍቱ የሚሽከረከርበት ቤሪንግ ነው፣ እሱ ተበላ ማለት ትልቅ ወጪ ነው። ግን መዳብ ከዘይት ማቀዝቀዣም ይወጣል፣ ኦይል ኩለር ያላቸው ሞተሮች ላይ ዘይቱ ከመዳቡ ጋር ኬሚካላዊ ነገር እየሰራ ያሟሟዋል፣ ምንም የተበላ ነገር ሳይኖር ቁጥሩ ብዙ አስር ሊደርስ ይችላል፣ አዲስ ሞተር ላይና የዘይት ዓይነት ሲቀየር በተለይ። ታዲያ በምን ይለያል? አብሮት በመጣው። መዳብ ብቻውን ከፍ ብሎ እርሳስና ቲን፣ ቆርቆሮ ማለት ነው፣ ዝም ካሉ፣ አይረንም እንደወትሮው ከሆነ፣ ማሟሟት ነው፣ በሚቀጥሉት ቅየራዎች እየወረደ ይሄዳል። መዳብ ከእርሳስ ወይም ከቲን ጋር ተያይዞ ከወጣ ግን ብሮንዚኑ ነው የሚናገረው፣ ያኔ ቀጣዩን ዘይት አሳጥራችሁ በ2,000 ማይል ድጋሚ ላኩ፣ ሞተሩ ስር የሚንኳኳ ድምፅ ካለ ደሞ ያንንም አትጠብቁ።

እርሳስ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ አዳዲስ ሞተሮች ቤሪንጋቸው እርሳስ የሌለው አሉሚኒየም ሆኗል፣ ስለዚ "እርሳስ 0 ነው፣ ብሮንዚኔ ደህና ነው" ማለት አይቻልም። እንደነዚህ ዓይነት ሞተሮች ላይ አሉሚኒየምና ቲን አብረው ሲነሱ ነው የምትጠረጥሩት።

4. ሲሊከን፣ አቧራ ነው ወይስ ማስቲሽ

ከሁሉም ገጽ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ እይ ብትሉኝ ሲሊከንን ነው የማየው፣ ምክንያቱም ሞተር የሚበላውን ነገር ገና መግቢያው ላይ ስለሚያሳይ፣ መፍትሄውም ብዙ ጊዜ ርካሽ ስለሆነ። አቧራና አሸዋ ውስጥ ዋናው ነገር ሲሊከን ነው። አቧራ በአየር ፊልትሮ በኩል አምልጦ ሲገባ ፒስተንና ሲሊንደር መሀል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈጫል፣ ስለዚ ሲሊከን ብቻውን አይመጣም፣ አይረን፣ አሉሚኒየም፣ ክሮም አብረውት ይነሳሉ። አፈር ራሱ ውስጥም አሉሚኒየም አለ።

ሲሊከን ከፍ ብሎ ብረቶቹ ግን ቦታቸው ላይ ካሉ ሌላ ነገር ነው። ሞተር ሲገጠም በጓርኒሲዮን (ጋስኬት) ምትክ የሚቀባው ሲሊኮን ማስቲሽ ዘይት ውስጥ ይለቃል፣ አዲስ መኪና ላይ ወይም በቅርብ ተከፍቶ የተገጠመ ሞተር ላይ ሲሊከን ለሁለት ሶስት ቅየራ ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ጉዳት የለውም። አረፋ እንዳይሰራ ተብሎ ዘይቱ ውስጥ ከፋብሪካ የሚገባም ትንሽ ሲሊከን አለ።

ምሳሌ እንውሰድ። የመጀመሪያው ወረቀት ኮሮላ ነው እንበል፣ በ5,000 ማይል አይረን 14፣ አሉሚኒየም 4፣ ክሮም 0፣ ሲሊከን 38፣ በቅርቡ የቫልቭ ከቨር ጓርኒሲዮን ተቀይሯል። ይሄ ማስቲሽ ነው፣ ምንም አታድርጉ። ሁለተኛው ወረቀትም ኮሮላ፣ በ5,000 ማይል፣ ሲሊከን ያው 38፣ ግን አይረን 41፣ አሉሚኒየም 15፣ ክሮም 4። ሲሊከኑ አንድ ነው፣ መኪኖቹ ግን ለየቅል ናቸው፣ ሁለተኛው አቧራ እየበላ ነው። ኮፈኑን ከፍታችሁ የአየር ፊልትሮውን ሳጥን እዩ፣ ክሊፖቹ በደንብ ገጥመዋል? ፊልትሮው ልኩ ነው? ከሳጥኑ ወደ ሞተር የሚሄደው ጎማ ቱቦ ተሰንጥቋል? ቱቦውን ፈትታችሁ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከፊልትሮው ወዲያ አቧራ ካለ መንገዱን አገኛችሁት። መደበኛ የቤንዚን መኪና ላይ ሲሊከን ከ20 በላይ ሲሄድ ይሄን ፍተሻ ማድረግ ጥሩ ነው፣ የአስር ደቂቃ ስራ ነው።

አገር ቤት ላላችሁ ወይም ቤተሰብ እዛ መኪና ለሚነዳባችሁ ይሄ ነገር እጥፍ ይመለከታችኋል። ኮረኮንች መንገድ፣ የግንባታ አቧራ፣ ከዛ ፊልትሮ መቀየር ሲገባ ላቫጆ ላይ በኮምፕሬሰር እየተነፋ ይመለሳል። በከፍተኛ አየር በቅርብ ሲነፋ ወረቀቱ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያወጣል፣ ከላይ ንፁህ መስሎ አቧራውን ያሳልፋል። ኢትዮጵያ ውስጥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ አሁን ያለውን ሞተር ማቆየት ግድ ነው፣ ከሞተር እድሳት ይልቅ ፊልትሮ መግዛት ይሻላል፣ እባካችሁ አስነፍታችሁ አትመልሱት።

5. ሶዲየምና ፖታሲየም፣ ኩላንት ገብቷል ወይ

ኩላንት ዘይት ውስጥ ሲገባ ውሃው በሞተሩ ሙቀት ይተናል፣ ስለዚ ወረቀቱ ላይ ውሃ 0 ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የማይተኑት ኩላንቱ ውስጥ ያሉት ጨዎች ናቸው፣ ሶዲየምና ፖታሲየም፣ እነሱ እንደ አሻራ ይቀራሉ። ሁለቱም አብረው ከተነሱ፣ በተለይ ካለፈው ወረቀት ጋር ሲተያዩ ከዘለሉ፣ ኩላንት ብላችሁ ጠርጥሩ። ሶዲየም ብቻውን ከሆነ አንዳንድ ዘይቶች ከፋብሪካ ሶዲየም አላቸው፣ አዲሱን ዘይት አስመርምሩ ያልኩት ለዚህ ነው። ፖታሲየም ከአሉሚኒየም ጋር አዲስ ቱርቦ መኪና ላይ ከታየ ደሞ ኢንተርኩለሩ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘው፣ ሲበየድ ከቀረ ኬሚካል ሊሆን ይችላል፣ እሱም እየቀነሰ ይሄዳል።

ኩላንት ከሆነ ግን አትንዱ፣ ብሮንዚን የሚጨርስ ነገር ነው፣ ቀጥሎ መዳብና እርሳስ ሲወጡ ታያላችሁ።

ፕሪየስ ያላችሁ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሶስተኛው ትውልድ፣ ከ2010 እስከ 2015 ሞዴል ያለው፣ የኢጂአር ኩለሩ፣ ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን ጭስ የሚያቀዘቅዘው፣ በጥላሸት እየተደፈነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ሄድ ጋስኬት) መበላት የታወቀ በሽታው ነው። ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ይረጋጋል፣ ኩላንቱ ደሞ የት እንደሄደ ሳይታወቅ ይጎድላል። ችግሩ ኩላንቱ ብዙ ጊዜ የሚገባው ሲሊንደሩ ውስጥ ነው፣ ተቃጥሎ በማርሚታ ይወጣል፣ ዘይቱ ጋ ላይደርስ ይችላል። ስለዚ የዘይት ወረቀቱ ንፁህ ሆኖ ጓርኒሲዮኑ ሊበላ ይችላል። ወረቀቱን አይታችሁ ብቻ አትርኩ፣ የኩላንት ማጠራቀሚያው ላይ በማርከር ምልክት አድርጉና በየሳምንቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ እዩት፣ እየወረደ ከሆነ ፕሬዠር ቴስት፣ የኩላንቱን መስመር በግፊት መፈተሽ ማለት ነው፣ አሰሩ፣ ኢጂአሩንም አስጠርጉ።

6. ውፍረትና ነዳጅ

የዘይቱ ውፍረት በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይለካል፣ መለኪያው ሴንቲስቶክ ነው። 20 የሚለው ዘይት፣ 0ደብልዩ20 ላይ የመጨረሻው ቁጥር ማለት ነው፣ ከ6.9 እስከ 9.3፣ 30ው ከ9.3 እስከ 12.5፣ 40ው ከ12.5 እስከ 16.3 መሀል መሆን አለበት። እነዚህን ሶስቱን ጻፏቸው፣ ብዙ ነገር ያሳውቃሉ። ለምሳሌ 0ደብልዩ20 ተብሎ ከፍላችሁ ወረቀቱ 10.6 ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው 30 ዘይት ተሞልቶ ወይም ተደባልቆ እንደሆነ ነው። ሙሉ ሲንቴቲክ ነው አይደለም የሚለውን ግን ይሄ ምርመራ አይለይም፣ በዚህ ወረቀት ተመስርታችሁ ከሱቅ ጋር አትጣሉ።

ቀጥኖ ከመጣ፣ 20ው ዘይት 6.2 ሆኖ እንበል፣ ዓይናችሁ ወዲያው ወደ ነዳጅ ይሂድ። ነዳጅ ከ2 ፐርሰንት በታች ከሆነ ደህና ነው፣ ከዛ በላይ ሲሆን ምክንያቱ ይፈለግ፣ 5 ከደረሰ ዘይቱን አሁኑኑ ቀይሩ። ፍላሽ ፖይንት የሚለውም ቁጥር አብሮ ይወርዳል፣ ዘይቱ በዝቅተኛ ሙቀት እሳት ይይዛል ማለት ነው፣ ሁለቱ ሲስማሙ ነዳጅ መሆኑ እርግጥ ነው። ምክንያቱ ምንድነው ካላችሁ አንደኛ በክረምት አጭር አጭር መንገድ ብቻ መንዳት ነው፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይጠፋል፣ ነዳጁ ሳይተን ይቀራል፣ ሃይብሪድ ላይ ሞተሩ እየጠፋ እየተነሳ ስለሚሰራ ይሄ ይብሳል። ሁለተኛ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቶ ሞተሩ በቂ ሙቀት የማያገኝ ከሆነ። ሶስተኛ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር። ነዳጅ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ ትናንሽ ቱርቦ ሞተሮች በባህሪያቸው የበለጠ ያሳልፋሉ፣ ሆንዳ ለ2017 እና 2018 ሲአርቪ 1.5 ቱርቦ ዋስትና ያራዘመው በዚሁ ጉዳይ ነበር።

ወፍሮ ከመጣ ዘይቱ አርጅቷል ወይም ከባድ ዘይት ተጨምሮበታል። ናፍጣ መኪና ላይ፣ ሃይሉክስ ምናምን፣ ጥላሸትም ያወፍረዋል፣ ጥላሸት ሲበዛ አይረንም ይከተላል።

7. ዘይቱ ራሱ አልቋል ወይስ ይቀጥላል

ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፎስፈረስ፣ ዚንክ፣ ሞሊብዲነም፣ ቦሮን፣ እነዚህ ዘይቱን ዘይት የሚያደርጉት ቅመሞች ናቸው፣ ትልልቅ ቁጥር ቢኖራቸው አትደንግጡ። አሁን በገበያ ያሉት ቀጫጭኖቹ የቤንዚን ዘይቶች ላይ ፎስፈረስ ከ600 እስከ 800 እንዲሆን ደረጃው ያስገድዳል፣ ጭሱን ለሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ሲባል። ዚንክ ስላልቀነሰ ዘይቱ ገና ነው አይባልም፣ ቅመሙ ስራውን ጨርሶም ዚንኩ ዘይቱ ውስጥ ስለሚቀር ማሽኑ ይቆጥረዋል።

ዘይቱ ማለቁን የሚነግራችሁ ቲቢኤን ነው፣ አሲድ የመቋቋም አቅሙ። ብዙ ቦታ ተጨማሪ ስለሚያስከፍል ስትልኩ ለይታችሁ ማዘዝ አለባችሁ። አዲስ ዘይት ላይ 7፣ 8 አካባቢ ይጀምራል፣ ወደ 1 ሲጠጋ ዘይቱ አልቋል። በ5,000 ማይል 4 ከቀረ ቀጣዩን በ6,000 ወይም 7,000 ሞክራችሁ ድጋሚ ማስመርመር ትችላላችሁ፣ ብረቶቹም ደህና ከሆኑ ማለት ነው። በዓመት 40 ሺ ማይል ለሚነዳ ሹፌር ይሄ ገንዘብ ነው። ሰፈር ውስጥ ብቻ የሚነዳ መኪና ላይ ግን ቲቢኤኑ ቢፈቅድም ማራዘሙን አልመክርም፣ እርጥበቱና ነዳጁ ሌላ ጉዳይ ነው።

8. አማካዩና ያለፈው ወረቀት

ወረቀቱ ጎን ላይ የሌሎች ተመሳሳይ ሞተሮች አማካይ አለ፣ ጠቃሚ ነው፣ የናንተ ሞተር ዓይነት በተፈጥሮው መዳብ ያበዛል ወይስ አያበዛም የሚለውን ከዛ ታውቃላችሁ። ግን አማካዩ በስንት ማይል ዘይት እንደተሰላ አብሮ ተጽፏል፣ የናንተ 10,000 ሆኖ አማካዩ 5,500 ከሆነ በቀጥታ አታወዳድሩ።

ከአማካዩ በላይ ግን የምታምኑት የራሳችሁን ሞተር ታሪክ ነው። አንድ ወረቀት ፎቶ ነው፣ ሶስት ሲሆን አቅጣጫ ያሳያል። አይረን በሺ ማይል 3፣ 3፣ 3 እያለ የመጣ ሞተር ድንገት 7 ካለ ከአማካዩ በታች ቢሆን እንኳን ይጠየቃል። 5፣ 5፣ 5 እያለ ከአማካይ ትንሽ በላይ የኖረ ሞተር ደሞ ባህሪው ነው፣ ተዉት። ስለዚ በተቻለ መጠን ያው ዘይት፣ ያው ማይል፣ ያው ላብ ተጠቀሙ፣ አንዱን ስትቀይሩ ማወዳደሪያው ይበላሻል። አዲስ መኪና ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ወረቀቶች አይረን፣ መዳብ፣ ሲሊከን ከፍ ብለው ይመጣሉ፣ ሞተሩ እየተላመደ ነው።

9. ወረቀቱ የማያየው

ይሄ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ማሽኑ የሚቆጥረው በጣም ደቃቁን ብረት ነው፣ በግምት ከ5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) በታች ያለውን፣ በዓይን የሚታይ ስብርባሪ አይቆጥርም። ቤሪንግ ድንገት ቢሰበር፣ የታይሚንግ ቼይኑ መምሪያ (ቼይን ጋይድ) ቢሰነጠቅ ቁራጩ ፊልትሮ ውስጥ ይገባል፣ ወረቀቱ ደሞ "ሁሉም ደህና" ሊል ይችላል። ስለዚ የዘይት ፊልትሮውን አትጣሉት፣ ቁረጡና ወረቀቱን ዘርግታችሁ በብርሃን እዩ፣ ማግኔት አስጠጉበት። የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ካለ ላቡ ምንም ቢል መካኒክ ጋ ሂዱ። የዘይት መብራት በርቶ፣ ወይም ሞተሩ እየተንኳኳ፣ የላብ ውጤት እስኪመጣ ልጠብቅ የሚባል ነገር የለም፣ አጥፉት።

ዘይት መብላትንም ወረቀቱ አይነግራችሁም። በየሺ ማይሉ መለኪያውን አውጥታችሁ እዩ፣ የጨመራችሁትን ጻፉ።

ሶስቱን ጥያቄ ጠይቃችሁ ጨርሳችሁ ከተጠራጠራችሁ የምትወስዱት እርምጃ ብዙ አይደለም። ብረቶቹ ትንሽ ከፍ ብለው ምክንያቱ ካልታየ ዘይቱን ቀይራችሁ በግማሹ ማይል ድጋሚ ላኩ፣ አንድ ናሙና ሊሳሳት ይችላል። ሲሊከን ከብረቶች ጋር ከሆነ የአየር መንገዱ። ሶዲየምና ፖታሲየም ከሆነ መንዳት አቁማችሁ ፕሬዠር ቴስት። ነዳጅ ከሆነ ቴርሞስታትና ኢንጀክተር። መዳብ ከእርሳስ ወይም ከቲን ጋር፣ ሁለተኛውም ወረቀት ካረጋገጠው፣ ያኔ ነው የዘይት ግፊት በጌጅ አስለክታችሁ ስለ መክፈት የምታወሩት። መካኒኩ ጋ ስትሄዱ ሁሉንም ወረቀት በተራ አትማችሁ ያዙ፣ "ባለፈው ይሄ ነበር፣ አሁን ይሄ ሆነ" ስትሉት ስራውንም ያቀላል፣ ወሬውም ያጥራል።

ያገለገለ መኪና ለመግዛት ስትሉም ይሄን መጠቀም ይቻላል፣ ሻጩ ከፈቀደ በዘይት መለኪያው ቱቦ በኩል በትንሽ ፓምፕ ናሙና ይሳባል። ግን መጀመሪያ መለኪያውን አውጥታችሁ የዘይቱን ቀለም እዩ፣ ወርቃማ ሆኖ የሚያበራ ከሆነ ገና ትናንት ተቀይሯል፣ ከሱ የሚመጣ ንፁህ ወረቀት ስለ ሞተሩ ምንም አይነግራችሁም፣ የድሮ የላብ ወረቀት ወይም የሰርቪስ ሪከርድ ካለው እሱን ጠይቁ፣ ከገዛችሁት ደሞ 3,000 ማይል ነድታችሁ የመጀመሪያውን ናሙና ራሳችሁ ላኩ።